የታጠበና ያልታጠበ

ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው። ከሰርቦ፣ ከዬቡ፣ ከሰቃ የመጣ ሰው ሂርማታ ላይ ሸጦ ገዝቶ ሲያበቃ፣ ወደ መኪና ተራ ከመመለሱ በፊት መድኃኒት ቤት ጎራ ይላል። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲ መግባት ሌላ ገበያ መግባት ነው። ልዩነቱ እዚህ ማንም የሚፈልገውን ጮክ ብሎ አለመጥራቱ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት አለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። መጀመሪያ ሰው ቀለል ይበል ብላ ጥግ ይዛ ነበር። ሰው ግን አይቀልም፤ አንዱ ሲወጣ ሁለት ይገባል። ተራዋ ሲደርስ ፓራሲታሞል ጠየቀች። ተሰጣት። ፕላስተር ጠየቀች። ተሰጣት። የልጅ ሳል ሽሮፕ ዋጋ ጠየቀች፤ አልገዛችም። ከዚያ ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ባንኮኒው ላይ ደገፍ አለችና፣ «ያ... ለሴት የሚሆነው... ለጓደኛዬ ነው» አለች።

ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው። ድምፁ ግን የሚኒባስ ረዳት ድምፅ ነው። «ለፈሳሽ ነው ለማሳከክ?» አለ።

ከኋላዋ የተሰለፍነው ሁላችንም በአንድ ጊዜ ጣራውን ማየት ጀመርን። ጣራው ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ከኋላዬ የቆሙት አዛውንት ብቻ ጣራ ማየቱ አልሆነላቸውም። «ልጄ፣ ብርድ ነው» አሉ፣ «ጓደኛሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ይሆናል።»

ተራዬ ሲደርስ እኔም ከቦርሳዬ የታጠፈ ወረቀት አወጣሁና «ለጓደኛዬ ነው» አልኩ። እኔ እውነቴን ነበር። ማንም አላመነኝም። ጅማ ውስጥ ስንት «ጓደኛ» ታማ እንደምትኖር የሚያውቀው መድኃኒት ቤት ብቻ ነው።

ነገሩን ሳስበው ግማሹ ችግር የስም ችግር ነው። እኛ ጋ ከእምብርት በታች ከጉልበት በላይ ያለው አገር በሙሉ «ማህፀን» ይባላል። ማህፀን ግን ጓዳው ነው፤ አብዛኛው የሚያሳክከውና የሚያቃጥለው በሽታ ያለው በረንዳው ላይ፣ ብልት ላይ ነው። ይህን ቃል ግን ማን ይጥራው? አማርኛው «የሴት ነገር» ብሎ ያልፋል፤ ኦሮምኛው «ዱኩባ ዱበርቲ» ብሎ ያልፋል። ሁለቱ ቋንቋዎች በስንቱ ሲከራከሩ ኖረው እዚህ ላይ ተስማምተዋል። እንዲያውም አንዳንዷ ማህፀን ማለቱም ይከብዳታል። ሐኪም ፊት ተቀምጣ «ኩላሊቴን» ያለች ሴት አውቃለሁ። ሽንቷ ተመረመረ፣ አልትራሳውንድ ተነሣች፣ ኩላሊትሽ ደህና ነው ተባለች። ኩላሊቷማ ድሮም ደህና ነበር። ገንዘቧን ከፍላ፣ ያሳከካትን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ስም ያልወጣለት በሽታ ምክንያቱም አያስቸግርም፤ ማንም ይሰጠዋል። የሴቷ ከብርድ ይመጣል። የወንዱ ደግሞ ከፀሐይ። ጨብጥ የያዘው ጎረምሳ «የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» ቢል የሚከራከረው የለም፤ ጨረቃንም የሚከስሱ አሉ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ አገሩን በጨብጥ የሚጨርሱት እረኞች ነበሩ። ብርዱም እንደዚያው። ድንጋይ ላይ መቀመጥ የሚያመጣው የመቀመጫ መደንዘዝ ነው፤ ባክቴሪያም ፈንገስም ከድንጋይ ተነሥቶ ቀሚስ ሥር አይገባም። ግን ብርድና ፀሐይ ለባልና ሚስት የሚያመቹ ተከሳሾች ናቸው፤ ፍርድ ቤት አይቀርቡ፣ አይናገሩ።

በነገራችን ላይ ፈሳሽ ሁሉ በሽታ አይደለም። ይህን የሚነግረን ሰው ጠፍቶ ስንቷ ጤነኛ ልጃገረድ መድኃኒት ስትውጥ ኖራለች። ውሃ የመሰለ ወይም ነጣ ያለ፣ የማይከረፋ፣ የማያሳክክ ፈሳሽ የሰውነት ሥራ ነው። በሁለት የወር አበባዎች መካከል ባሉት ቀናት እንደ እንቁላል ነጭ ይሳባል፤ በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። ምራቅ አለኝ ብሎ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው አላየሁም። ቀለሙ ሲለወጥ፣ ሲሸት፣ ሲያሳክክ፣ ሽንት ሲያቃጥል፣ ያኔ ነገር አለ።

አሁን ወደ መታጠቡ ልምጣ፤ ሆዴ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነውና።

ጅማ ለዓለም ገበያ ስሟን ያስጠራችው ባልታጠበ ቡና ነው። ነጋዴው «ጅማ 5» ሲል የሚያወራው ከነልብሱ ፀሐይ ላይ ስለደረቀ ቡና ነው። የሊሙ ቡና ደግሞ በታጠበው ይታወቃል። የታጠበው ራሱ እንዴት እንደሚታጠብ ግን እዚህ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በሳሙና የፈተገው የለም። እሸቱ ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይተኛል፣ ዓይን የማያያቸው ተሐዋስያን ያን የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይበሉለታል፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ሰዓቱ ካለፈበት ይኮመጥጣል። አጋሮ አካባቢ ያለው ዱሮሚና የተባለው የገበሬዎች ማኅበር እንደ ፈረንጆቹ በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ሲወጣ፣ ገንዳው ውስጥ ዴቶል የጨመረ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ አገር፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ዕውቀቱን በር ላይ አውልቆ ይገባል። ሴቷ ገላዋን ስትታጠብ ሳሙናውን ወደ ውስጥ ትሰዳለች። ሳሙና ያላጠገባት ጨው በሞቀ ውሃ ትበጠብጣለች። ጨው ያላረካት ሎሚ ትጨምራለች። ነጭ ሽንኩርት ልጣ የምታስገባ አለች፤ ያቃጠላትን ስሜት «መድኃኒቱ ሲሠራ ነው» ትለዋለች። የቁስል ማጠቢያ በጥብጣ የምትጠቀመውን፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና የምትበጠብጠውን እዚህ አልዘረዝርም፤ እኔ እንኳ ስጽፈው አቃጠለኝ።

ሆምጣጤም ገብቶበታል። ጤና ጣቢያዎች ከሠላሳ እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመት ያሉትን ሴቶች ለማህፀን በር ካንሰር ሲመረምሩ የማህፀኑን በር አሴቲክ አሲድ፣ በኛ ቋንቋ ቀጠን ያለ ሆምጣጤ፣ ይቀቡታል። የተለወጠ ሥጋ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። መብራት እንደማብራት ያለ ነገር ነው። አንዷ ይህን ተመርምራ፣ ደህና ነሽ ተብላ ወጣች። ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ፣ «ሐኪሞቹ ራሳቸው በሆምጣጤ ነው የሚያክሙት» ብላ አወራች። በዚያ ሳምንት የሰፈሩ ሱቅ ውስጥ ሆምጣጤ ሳይፈለግ አልቀረም። ከምርመራው ወሬ የተረፈው ሆምጣጤው ብቻ ሆነ፤ ሄዶ የተመረመረ ግን ከዚያ ቡና ላይ አንድም አልነበረም።

ይህ ሁሉ እጥበት ምን እንደሚያጥብ ለማየት ወደ ኋላ ልመለስ። አልበርት ዶደርላይን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ በ1892 ስለ ብልት ፈሳሽ ጽፏል። በጤነኛ ሴት ብልት ውስጥ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ሞልተው አገኘ። ዛሬ ላክቶባሲለስ እንላቸዋለን፤ ወተታችንን እርጎ ለሚያደርጉት የቅርብ ዘመድ ናቸው። በብልት ግድግዳ ላይ ያለውን ስኳር እየበሉ አሲድ ያመርታሉ፤ ፒኤቹን ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው ውስጥ ይይዙታል። በዚህ አሲድ ውስጥ እንግዳ ባክቴሪያ መራባት ይከብደዋል። ማለትም ቤቱ ዘበኛ አለው፤ ደመወዝ አይጠይቅም፣ አይተኛም። ሳሙናው የሚያጥበው ይህን ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሲታጠብ ያልተጋበዘው ይገባል፤ ያልተጋበዘው ሲገባ ይሸታል። ስለሸተተ ትታጠባለች፤ ስለታጠበች ይሸታል፤ ስለሸተተ ሳሙና ትለውጣለች። ነጋዴዎቹ ደግሞ የሚሸት ሳሙና፣ የሚሸት ሶፍት፣ የሚሸት ሞዴስ አቅርበውላታል። ከውጭ በንጹሕ ውሃ፣ ከፊት ወደ ኋላ፤ ውስጡን ለዘበኛው መተው። ከዚህ ያለፈ እጥበት የለውም፤ ስለማይሸጥ ነው መሰለኝ ማንም አያስተዋውቀውም።

እርጎውን የሚቀቡም አሉ፤ ዘመድ ናቸው ስለተባለ። ዘመድ ሁሉ ዘበኛ አይሆንም። እርጎውን ጠጡት።

ከመታጠቡ ደግሞ መድረቁ ይብሳል። ጅማ ዝናብ አገር ነው፤ ከበልግ ጀምሮ መስከረም እስኪያልፍ ድረስ ልብስ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሰፈራችን ገመድ ላይ የባል ቁምጣ እንደ ባንዲራ በመሐል ይሰቀላል። ካልሲው፣ ካናቴራው፣ የልጆቹ ዩኒፎርም ይከተላሉ። የሚስቲቱ ፓንት የት አለ? ፎጣ ሥር ነው። ፎጣው ደግሞ አንሶላ ሥር ነው። ወይ ደግሞ ጭራሽ ገመዱ ጋ አልደረሰም፤ ጓዳ ውስጥ፣ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ፣ ፀሐይ ከነመኖሯ በማትታወቅበት ቦታ ለሁለት ቀን ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ቀን ግማሽ እርጥብ ሆኖ ይለበሳል። እርጥበትና ሙቀት ለፈንገስ ምን እንደሆኑ ለቡና ገበሬ መንገር ነውር ነው፤ እርሱ ጀንፈሉን በሽቦ አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ ቀኑን ሙሉ እያገላበጠ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም ሸራ ይዞ እየሮጠ፣ እርጥበቱ ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ በታች እስኪወርድ እንቅልፍ የለውም። ሻገተበት ማለት ዓመቱ ሄደ ማለት ነዋ! ሚስቱ የበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የሰቀለችውን ግን አላየም፤ እንዳያይም ነው የተሰቀለው።

የወር አበባ ጨርቅም ዕጣው ያው ነው። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቢውል ጥሩ ነገር ነበር፤ ፀሐይ የምታየውን ጎረቤትም ያያል ተብሎ ፍራሽ ሥር ይደርቃል። በለቀማ ወራት ከጠዋት እስከ ማታ በጤዛ የራሰ ልብስ ለብሳ ቡና ስትለቅም የምትውለዋን ልጅ ደግሞ ማን «የጥጥ ውስጥ ልብስ ቀይሪ» ይበላት? መቀየሪያውስ? እዚህ ላይ ቀልዴን ለጊዜው አስቀምጣለሁ።

ወደ ባንኮኒው ልመለስ። ሻጩ «ለፈሳሽ ነው ለማሳከክ?» ሲል ድምፁን ባያስተካክልም ጥያቄው ግን ደህና ጥያቄ ነበር። በአብዛኛው የሚያስቸግሩት ሦስት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። አንደኛው ፈንገስ ነው፤ ካንዲዳ ይባላል፣ ከእርሾ ወገን ነው፤ እንደ አይብ የተቆራረሰ ነጭ ያወጣል፣ እንቅልፍ እስኪያሳጣ ያሳክካል፣ ብዙም አይሸትም። ከአራት ሴት ሦስቷን በዕድሜዋ ቢያንስ አንዴ ይጎበኛታል፤ ስለዚህ «እኔን ብቻ» እያልሽ የምታለቅሺው ካለሽ፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ሁለተኛው ያ ዘበኛ ሲታጠብ የሚመጣው የባክቴሪያ መዛባት ነው፤ ቀጭን ግራጫ ፈሳሽ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ መንገድ ዳር እንደሚሸጠው የጊቤ ዓሣ የሚሸት። ሦስተኛው ትሪኮሞናስ ነው፤ ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደላ፣ አረፋ ያለው፣ የሚያቃጥል፣ በግንኙነት የሚተላለፍ።

ይህን አንብባችሁ ራሳችሁን እንዳትመረምሩ። እንደ መጽሐፉ የምትመጣ በሽታ ጥቂት ናት፤ ሁለቱ ተደራርበው የሚመጡበት ቀን አለ፤ ሐኪሙም በዓይኑ ብቻ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ማይክሮስኮፕ የተሠራው። ከፈሳሹ ጥቂት በጨው ውሃ ጠብታ ላይ ይደረግና በመስታወት ይታያል፤ ትሪኮሞናስ ከሆነ ጅራቱን እያወናጨፈ ሲዋኝ ይገኛል። ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ባለሙያው ምልክቱን ተከትሎ የሚያክምበት አገራዊ መመሪያ አለው። ሁለቱም ከቡና ላይ ምርመራ ይሻላሉ።

እኛ ጋ ግን ሦስቱም በአንድ ይታከማሉ፤ በፍላጅል። ስሙ ሜትሮኒዳዞል ነው፣ ለባክቴሪያውና ለትሪኮሞናሱ ሁነኛ መድኃኒት ነው፣ ፈንገስን ግን አይነካውም። ፍላጅል ያልቆረጠላት አሞክሳሲሊን ትደርባለች። አሞክሳሲሊኑ የቀሩትን ዘበኞች ይጨርስና ፈንገሱ በሰፊ ሜዳ ይፈነጫል። ከዚያ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ይባላል።

ለስንት ቀን እንደምንወስደውም ጉድ ነው። ፍላጅሉ ለሰባት ቀን ይታዘዛል። በሦስተኛው ቀን ሽታው ይጠፋል፤ በአራተኛው ቀን ሴትየዋ ድናለች፤ በአምስተኛው ቀን የተረፈው ክኒን ቡፌ ላይ፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ጀርባ ቦታ አግኝቷል። የጅማ ቡፌ ግማሹ ብርጭቆ ግማሹ ፋርማሲ ነው። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ መጥታ በጆሮ ስታንሾካሹክ፣ እቤቷ ያለች ሴት ተነሥታ ከብርጭቆው ጀርባ ሦስት ፍሬ ቆጥራ ትሰጣታለች። ደግነት ነው፤ አልክድም። ግን ሰባት ቀን የሚፈልግ በሽታ ለሁለት ጎረቤት ተከፍሎ ማንንም አያድንም፤ ሁለቱንም በወሩ ይመለስባቸዋል፣ ያውም መድኃኒቱን ተላምዶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ደግሞ አለች። ለፈንገስ የታዘዘላት ክሎትሪማዞል ነው፤ የሚዋጥ ሳይሆን ማታ ወደ ብልት የሚገባ ክኒን። የሰጣት ልጅ አፈረ፤ እርሷም አፈረች። «ማታ ማታ አንድ» ብሎ ብቻ ሰጣት። ማታ ማታ አንድ ዋጠች፤ በቡና። ሲያሳክካት የከረመው ቀጠለ። እፍረት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት ሁለቱም በዳኑ።

እርጉዝ ሴት እነዚህን ነገሮች ከቡፌ እየመረጠች መዋጥ የለባትም፤ ለፈንገስ የሚዋጠው ፍሉኮናዞል ለእርሷ አይመከርም፣ የባክቴሪያ መዛባትም ያለ ጊዜው ከሚመጣ ምጥ ጋር ይያያዛል። ፈንገስ እየደጋገመ የሚመለስባት ሴት ስኳሯን ትታይ። የሆድ ሥር ሕመምና ትኩሳት ከፈሳሹ ጋር ከመጡ፣ ወይም ከወር አበባ ውጭ፣ አለዚያም የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ ቀን አይቆጠርም። ይህን ስል ድምፄ ተለወጠ መሰለኝ፤ ልመለስ።

ያ ከቦርሳዬ ያወጣሁት ወረቀት ላይ የተጻፈው የሁለት ሰው መድኃኒት ነበር፤ የጓደኛዬና የባሏ። እርሷ መታየት አልፈለገችም፤ እርሱ ደግሞ ጭራሽ ጉዳዩ አይመለከተኝም ብሏል። ሻጩ ወረቀቱን ገልብጦ አየና በዚያ በረዳት ድምፁ «ይሄኛው የባልሽ ነው?» አለኝ። ሰልፉ እንደገና ጣራውን አየ።

የጓደኛዬ ባል አጋሮና ጅማ እየተመላለሰ ቡና ይነግዳል። እርሷ በአንድ ዓመት ሦስቴ ታክማለች፤ ሦስቴም ተመልሶባታል። ትሪኮሞናስ ነው። «ባልሽን ይዘሽ ነይ» በተባለች ቁጥር እርሱ ሊሙ ነው፣ ገራ ነው፣ መንገድ ላይ ነው። ሲገኝ ደግሞ «እኔ ምን ሆኜ? ምንም አይሰማኝም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ብዙ ወንድ ትሪኮሞናስን ይዞ ምንም ሳይሰማው ወራት ይከርማል። ይህን ተሐዋሲ አልፍሬድ ዶኔ የተባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያየው በ1836 ነው፤ እዚህ ጅማን ቀዳማዊ አባ ጅፋር ይገዙ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 156 ሚሊዮን ሰው አዲስ እንደተያዘ ገምቷል። የጓደኛዬ ባል ከነዚህ ውስጥ የለሁበትም ባይ ነው።

በግንኙነት ይተላለፋል ስለተባለ ደግሞ ቤት ውስጥ መርማሪ ፖሊስ ይቋቋማል። «ከየት አመጣኸው?» «አንቺስ ከየት አመጣሽው?» ትሪኮሞናስ ድምፁን አጥፍቶ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ማን መቼ እንዳመጣው ማይክሮስኮፑም አይናገርም። ፈንገሱ ደግሞ ጭራሽ ባል ወጣ ገባ አለ ማለት አይደለም፤ አንቲባዮቲክ ወይም እርግዝና ሊያመጣው ይችላል። በዚህ የተነሣ ስንት ትዳር በፈንገስ ተከስሶ ሽማግሌ ፊት ቀርቧል! ሽማግሌዎቹም «ብርድ ነው» ብለው አስታርቀው ይሆናል፤ ለአንድ ቀን ብርድ ጠቅሟል።

የባክቴሪያው መዛባት ግን ለረጅም ጊዜ የሴቷ ብቻ ተብሎ ኖሯል። በ2025 መጀመሪያ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ይህን ገለበጠው። ሴቷ ብቻ ከታከመችበት ወገን በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከመቶ 63ቱ ተመለሰባቸው፤ ባሎቻቸውም ክኒን የዋጡበትና ቅባት የተቀቡበት ወገን ግን 35ቱ ብቻ። እንግዲህ «እኔ ምን ሆኜ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። መልሱ ለአጋሮ ነጋዴዎች ገና አልደረሰም፤ የቡና ዋጋ ግን ከኒውዮርክ በዚያው ቀን ይደርሳቸዋል።

ይህች ከተማ ደግሞ እውቀት የራቃት ከተማ አይደለችም። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቷ የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ በ1983 ነው፤ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪዎቹን ከመጀመሪያው ኅብረተሰቡ መሐል እየላከ ማስተማር ልማዱ ነው፤ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሸቤ፣ አጋሮ ድረስ ይሰማራሉ። እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሦስት ልጆች ወረቀት ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። አባወራው አለ፣ አማቲቱ አሉ፣ ጎረቤት አለ። «ያልተለመደ ፈሳሽ አለሽ?» ትባላለች ሴትየዋ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። «ማሳከክስ?» «ደህና ነኝ።» ልጁ ይጽፋል። ቡና ይቀርባል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃሉ። ሲወጡ ሴትየዋ ከመሐላቸው ያለችዋን ሴት ልጅ አጥር ድረስ ሸኝታ ክንዷን ትይዛታለች። «የኔ ልጅ፣ አንዲት ጎረቤት አለችኝ...»

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ስለዚህ ሁልጊዜ ደህና ነው። ታማሚዎቹ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሁሉም ሰው ጎረቤቶች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፕሮግራማቸው እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህን ጨዋታ ለምደውታል። አንዷ «እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ስለ ጎረቤት ነው» ብላኛለች፤ «ጎረቤትሽ የሚያሳክካት መቼ መቼ ነው? ጎረቤትሽ በምን ትታጠባለች? ጎረቤትሽን ነገ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ትመጫለሽ?» በማግስቱ ሴትየዋ ብቻዋን ትመጣለች። ስለ ጎረቤቷ ሁለቱም አያነሡም። ትምህርት ቤት ያላስተማራት ሙያ ነው፤ እኔ ብሆን ደመወዝ እጨምርላት ነበር።

ጓደኛዬ ሰባቱን ቀን ጨርሳለች፤ ደህና ናት። ሎሚውን ለሰላጣ፣ ሆምጣጤውን ለቃሪያ አድርጋዋለች። ባሏም በመጨረሻ እሺ ብሎ ጀምሮ ነበር። ክኒኑን እስኪጨርስ ቢራ አይጠጣም ሲባል ተቆጣ፤ ስለ ጫት ደግሞ ለብቻው ጠየቀ። እስከ ሰባተኛው ቀን አንድ አልጋ ላይ በጨዋነት ማደርን ግን እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው። ትናንት ቡና ልጠጣ ሄጄ ነበር። በአምስተኛው ቀን አቁሟል፤ ቀሪዎቹ ክኒኖች ቡፌው ላይ፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ጀርባ ተቀምጠዋል።